ወደ ግድግዳ የዞረው አንቀልባ

ካሰል፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ እታለም
ፍኖተ ሰላም

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ፣ ዓይንዎስ፣ ያ ክረምት የሚነሣብዎ ሳልስ? እኔና ባሌ ስመኘው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ከጀርመን አገር በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሲደርስዎ እንዳይደነግጡ፤ ስልኩ አልገባ ብሎኝ ነው። ሲገባም ድምፅዎ ይቆራረጥና የጎደለውን እኔው እሞላዋለሁ። በኋላ የትኛው የእርስዎ ቃል፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ይጠፋኛል። አንድ የባሕር ዳር ሰው ወደ አገር ሲገባ አገኘሁና ሰጠሁት። ከባሕር ዳር ወዲያ መንገዱ ከተከፈተ ይደርስዎታል።

አክስቴ፣ አርግዣለሁ። ሲጻፍ አጭር ነው። የካቲት ላይ ትወልጃለሽ ብለውኛል።

እናቴን የምጠይቀውን እርስዎን ልጠይቅዎ ነው። እሷ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ስለ ሕፃን ዕቃ አትጠይቅም። አባዬም ባሕር ዳር ይዞኝ ከገባ በኋላ የእናቴን ስም ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። እሱም ይኸው ካረፈ ቆየ። ከእናቴ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

እዚህ ለሕፃን ዕቃ ብቻ የቆመ ሱቅ አለ፤ ከአንድ ደብር ይሰፋል። ቅዳሜ ገብተን ባዶ እጃችንን ወጣን። የሚታጠፍ ጋሪ፣ የማይታጠፍ ጋሪ። አልጋ፣ ከአልጋው ጎን የሚጠጋ ሌላ አልጋ። ጡጦ መቀቀያ። የገላ ውሃ ሙቀት የሚለካ የፕላስቲክ ዳክዬ። ደግሞም ሕፃኑ ሲተኛ እግሩ ላይ ታስሮ ትንፋሹን የሚጠብቅ፣ ትንፋሹ ሲቆም የሚጮህ መሣሪያ። እዚያ ፊት ብዙ ቆምኩ። ሻጯ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ለምን እንደሚያገለግል ስታስረዳን ቆይታ፣ ስለዚህኛው «ብዙ እናቶች ይወስዱታል» ብቻ አለች። ስመኘው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? እናንተ እኛን በምን አሳደጋችሁን?

አንድ የምፈልገውን ግን አውቃለሁ። የእናቴን አንቀልባ። ማንኩሳ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግድግዳ ዞሮ ይሰቀል የነበረውን። የቆዳውና የቅቤው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የእናቴን ፊት አላስታውስም፤ ያንን ሽታ ነው የማስታውሰው፤ ጀርባዋ ላይ ሆኜ። አሁን እርስዎ ዘንድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን ከላኩልኝ ሱቁን ሁሉ ትቼዋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ያምሮት ቢሆነኝ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት

አንቺ፣ ባልሽ፣ የቤትሽ ምሰሶ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ ዓይኔም የሚያየውን አይቶ ነው የደከመው። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ወረቀትሽ ሳምንት ሙሉ ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ መንገዱ ሲለቅ በአትክልት መኪና መጣልኝ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እኔም በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል እየጻፍኩልሽ ነውና እየታገሥሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽን ለዙለይካ አነበብኩላት። ዙለይካ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ገበያው ዳር የሕፃን ልብስ ትነግዳለች፤ የወለደቻቸውን ሁሉ አሳድጋ ድራለች። ዳክዬው ጋ ስደርስ፣ «ምነው፣ ያገሩ ሰው ክርን የለውም እንዴ?» አለች። ክርንሽን ውሃው ውስጥ ታገቢያለሽ፤ ካላቃጠለሽ አያቃጥለውም። ጋሪውንም ሰምታ፣ «እናትየዋ ከኋላ እየገፋች፣ ልጁ ከፊት ቀድሞ? ታዲያ መኪና ሲመጣ ማን ይቀድማል?» ስትል ሣቅን። እስቲ አላህ ያሳድግልሽ ብላለች፤ ኮፍያና ካልሲ ለብቻ አኑራልሻለች፤ ሳትወልጂ ግን አልልክም ብላለች። እኔም አይላክ ብያለሁ። ያልተወለደ ልጅ ልብስ ከቤት አይገባም።

የግድ የሚያስፈልገውን ጠይቀሻል። ያረጀ ነጠላ፤ አዲስ ጨርቅ ገላ ይፍቃል። ላንቺ አጥሚት፤ የገብሱን ዱቄትና አብሹን እኔ አዘጋጃለሁ። ከሁሉ በፊት ሰው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ስመኘው ሥራ ሲሄድ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው ካሁኑ ፈልጊ፤ ቋንቋ ባይገባባችሁም ይቀመጥ።

አንቀልባ ያልሽው እንጃ። የቆዳ ነገር ነው፤ አይጥ ሳይበላው አይቀርም። ዙለይካ ያማረ ማዘያ ጨርቅ አላት፤ እሱ ይቀልሻል።

አደራ፣ ለቅርብ የሚሆን መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ፊደሉ መሮጥ ጀምሯል።

የምታምኚያት ድንግል ከደጅሽ አትራቅ።
አክስትሽ እታለም


ካሰል፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እታለም

ሰላምታዬ እግርዎ ሥር ይድረስ። መነጽሩን ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣው ለዘሚካኤል ሰጥቼዋለሁ። ኪሱ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይክተተው ብዬዋለሁ።

ለዙለይካ ስለ ዳክዬው ይንገሯት። ገዛነው። ስመኘው ነው የገዛው። በክርኔም እለካለሁ፤ ዳክዬው የሚለው ሌላ፣ ክርኔ የሚለው ሌላ ነው።

የሚቀመጥ ሰው አልተገኘም። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ያሉት ሴቶች ልጅሽን አምጪልን ይሉኛል፤ እነሱ ግን ከወንበራቸው አይነሡም።

አዋላጅ ተመድባልኛለች። እዚህ አዋላጅ ሳትወልጂም ቤትሽ ትመጣለች። ወይዘሮ አንከ ትባላለች፤ ትልልቅ እጆች አሏት፤ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። አልጋውን አሳየኋት። ትራስ ገዝቼ ነበር፤ አወጣችው። ብርድ ልብሱን አወጣችው። ዳር ዳሩን የሚሸፍነውን ስፖንጅ ፈትታ አወጣችው። ትንሿን ጥንቸል አንሥታ አየቻትና እሷንም አወጣቻት። «ሕፃን በጀርባው፣ ባዶ አልጋ ላይ» አለች። ለምን አልኳት። ፊቱ ላይ የሚወድቅ ነገር እንዳይኖር አለች። እስከዚያ ቀን ዕቃ እያስገባሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያወጣሁ ነው።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ከእናትሽ ልጆች፣ ሳይታመም፣ በሕፃንነቱ ድንገት የሞተ አለ?

የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ አልኳት። እርግጠኛ ነሽ አለችኝ። እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር አልኳት። የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቂ፤ እንደዚያ የሞተ ካለ ልጅሽን ገና ከተወለደች ጀምሮ ልቧን እናያለን፤ ዝም ብለን አንለቃትም አለች። ሴት መሆኗን በመሣሪያ አይተዋል።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ። እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው?

አንቀልባውን አይጥ ከበላውም የተረፈውን ይላኩልኝ። ቁራጩም ቢሆን።

ልጅዎ ያምሮት


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። ሆድሽ ከፍ አለ ወይስ ዝቅ? ዝቅ ካለ ቅርብ ነው። ውሃ ዳር ብቻሽን አትቁሚ።

መነጽሩ ደርሶኛል። ፊደሉ ቆሟል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዙለይካ አድርጋው፣ «ዱቤ ያለብኝን ሁሉ አየኋቸው» ብላ መለሰችልኝ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው። አንቺ ለእናትሽ ለሠርክአዲስ የመጀመሪያም የመጨረሻም ነሽ። ክርስትና የተነሣ ሌላ ልጅ አልነበራትም። የሠርክአዲስ ልጅ ተብሎ የተቆጠረ አንቺ ብቻ ነሽ። ለአዋላጅዋም እንዲሁ በያት። የሰው አገር ሴት የሰው ቤት ቆጠራ ምን ያደርግላታል?

አንቀልባውን ለሰው አውሼዋለሁ። የተዋሰ ዕቃ ልጁ በእግሩ ሳይሄድ አይመለስም። ስለ እሱ አታንሺብኝ።

ዱቄቱ ተፈጭቷል። አብሹ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ነው። መንገዱ ግን ከገና ዋዜማ ጀምሮ ዝግ ነው፤ የሚሄድ ሰው ስናገኝ ይላካል። ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። ትበያለሽ ወይ? ትተኛለሽ ወይ? የምትሰሚው ነገር አለ ወይ? ሌላ አልጠይቅሽም።

አክስትሽ እታለም


ካሰል፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ለጤናዎ። ለቤትዎ። ለዙለይካም።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ኅዳር ላይ አይጥ በልቶታል። ታኅሣሥ ላይ ለሰው ተውሷል። አይጥ የበላው ነገር አይዋስም አክስቴ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል፤ እርስዎን በቃልዎ መያዝ አልለመድኩም።

የጥምቀት ዕለት ስልኩ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉንፋን ይዞኛል አሉኝ፤ ማር በሎሚ ይጠጡ አልኩዎት። ከዚያ ጠየቅሁ። ከእኔ በፊት ሌላ ነበረ? ድምፅዎ ጠፋ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ሃሎ ሃሎ ስል ቆየሁ። ነገር ግን መስመሩ አልተቋረጠም ነበር። ከኋላዎ ዙለይካ ስትነግድ እሰማለሁ። «ባለ ጥንዱን ውሰጂው እናቱ፣ ነጠላው ቶሎ ያልቃል» ስትል ሰማሁ። ገዢዋ ስትከራከር ሰማሁ። ያልተሰማኝ የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ዘጉት።

«ክርስትና የተነሣ» ብለው ጽፈዋል። ስመኘውን አስነበብኩት። ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ ደግሞ አነበበው።

ክርስትና ያልተነሣስ?

ወይዘሮ አንከ እንደገና መጥታ ነበር። ምን አሉሽ አለችኝ። መንገዱ ተዘግቷል አልኳት። ውሸት አልነበረም።

አልጋው ባዶ ነው። በልብስ ላይ የሚለበስ የመኝታ ከረጢት ብቻ ቀርቷል፤ አንገቱ ጠባብ፣ ፊት ላይ የማይወጣ። ያንን የሚጮኸውን መሣሪያ ስመኘው ገዝቶ አመጣው። ካርቶኑን አልከፈትነውም። ሲከፈት የሚጀምር ይመስለኛል።

አትክልት መኪናም ሆነ ፒክአፕ፣ የሚመጣ ካለ አንድ ቃል ይላኩልኝ። ዱቄቱ ይቆይ።

ያምሮት


ካሰል፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እታለም

ወለድኩ። ሴት ናት። ጸጉሯ ብዙ ነው። ደህና ናችሁ ይሉናል።

ስትተኛ አላምናትም። እጄን ደረቷ ላይ አደርጋለሁ፤ የሚንቀሳቀሰው ደረቷ ይሁን እጄ አላውቅም። ስመኘው ተኚ ይለኛል። አንቺ ተኚ፣ እኔ አያታለሁ ይለኛል፤ ከዚያ ተቀምጦ ያንቀላፋል።

ከእርስዎ መልስ አልደረሰኝም። ምናልባት መንገዱ ነው።

ያምሮት


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት፣ ለአራሷ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጡትሽን ወተት ይሙላው፤ ልጅሽን እንደ ሐረግ ያለምልማት። ዙለይካ ሱቋ ውስጥ እልል ስትል ገዢ ሁሉ ዞረ። «ምን ተገኘ?» ሲሏት፣ «ካሰል የሚባል አገር ዘመድ አገኘሁ» አለቻቸው።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ኔትወርኩ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

እናትሽ አስምላኝ ነበር። ቃሏን ይዤ መቃብር ልገባ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን የማልኩላት አፈር ውስጥ ናት፤ የምትጠይቂኝ አንቺ ሕፃን ታቅፈሻል።

ከአንቺ በፊት ሴት ልጅ ነበረች።

ያኔ ወንዶቹን ለጦር ይሰበስቡ ነበር። ልጅቷ ስትወለድ አባትሽ ቡሬ ነበር፤ ሰብስበው አቆይተዋቸዋል፤ ወዴት እንደሚልኳቸው የሚያውቅ የለም። በእኛ ቤት የዓለም ስም የሚያወጣው አባት ነው። ክርስትና የምትነሣበት ሰማንያ ቀኗ እየቀረበ መጣ። እናትሽ፣ ካህኑ ፊት ስም የሌላት ልጅ ይዤ አልቆምም፣ ቢሆነኝ ይይልኝና ስሟን ያውጣላት፣ ከዚያ ይውሰዱት አለች። ከማንኩሳ በእግራችን ተነሣን። እሷ ልጅቷን በአንቀልባ አዝላ ከፊት፣ እኔ ስንቁን ተሸክሜ ከኋላ። ልጅቷ ጤነኛ ነበረች። ጧት ጠብታ ነው የወጣችው።

ቡሬ ስንደርስ አባትሽን ለምነን በር ላይ አስወጡልን። ከስቷል። እየሣቀ መጣ። «እስቲ ልያት፤ ማንን ነው የምትመስለው?» አላት። «አፍንጫህን ሰርቃሃለች፤ አስመልስ» አለችው። ጀርባዋን ሰጠችው። ጠፍሩን ራሱ ፈታው።

ከዚያ ያለውን አልጽፈውም።

ስም ሳያወጣላት ተመለስን። ክርስትና ላልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለም፤ ከአጥሩ ውጭ ነው ያረፈችው። እንዲህ ያለ ልጅ አይቆጠርም። እናትሽን ስንት ወልደሻል ሲሏት አንድ ትል ነበር፤ እኔም አንድ እላለሁ፤ አገሩም አንድ ይላል። ስለዚህ አንቺ ብቻ ነሽ ስልሽ በአገሬ ቁጥር አልዋሸሁም። በአዋላጅሽ ቁጥር ግን ዋሽቻለሁ። ቁጥሩ ሁለት መሆኑን ያወቅሁት ጥያቄዋን ደጋግሜ ሳነብ ነው።

አንቀልባው እኔ ዘንድ አለ። አይጥ አልነካውም፤ ሰውም አልተዋሰውም። ልጅ የቀረበት አንቀልባ አይዋስም፣ አይሸጥም፣ አይቃጠልም። ፊቱን አዙረው ይሰቅሉታል። አንቺን እናትሽ አላዘለችሽም ያምሮት። በእሱም፣ በሌላም። ማንም ጀርባው ላይ እንዲያወጣሽ አልፈቀደችም። በእግርሽ እስክትሄጂ በእጇ ታቅፋሽ ኖረች፤ ክንዷ እስኪጎብጥ። ሰው ሞኝ ሆነች ይላት ነበር። ያ ሽታ ጓዳ ስትገቢ ከግድግዳው የሸተተሽ ነው።

ይህን ለአዋላጅሽ ንገሪያት። የተላከውን ገብስ ከቅቤ ጋር ጠጪ።

አክስትሽ እታለም


ካሰል፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ እታለም

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ዱቄቱም። ስመኘው አጥሚቱን ሠራው፤ ቀጠነበት፤ ጠጣሁት።

ነገርኳት። ወይዘሮ አንከ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስሟ ማን ነበር አለችኝ። ስም የላትም አልኩ። ይህን ባገሯ ቋንቋ ለማስረዳት ቃል አጣሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የጠየቀችኝ ይመስል ፊቴ ጋለ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። የልጄ ደረት ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቧን አመታት ወረቀት ላይ አወጡት። ቆንጆ መስመር ነው። ምንም አላየንም አሉ። ምንም አላየንም ማለት ምንም የለም ማለት ነው? አልኳቸው። አይደለም አሉኝ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እህትሽ ታዝላ ሳለች ፊቷ ተሸፍኖ ነበር ወይስ ክፍት? ጨርቅ ጣል ተደርጎባት፣ ወይም ፊቷ ጀርባ ላይ ተደፍቶ ከነበረ፣ ታፍና ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። ፊቷ ክፍት ከነበረ ግን ምክንያቱ ከሰውነቷ ውስጥ ነው፤ እንደዚያ ያለ ነገር ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ የአንቺንም የልጅሽንም ደም እንመረምራለን፣ ለብዙ ጊዜ እንከታተላለን አለኝ። በቶሎ ጠይቀሽ ንገሪኝ አለኝ።

ያን ዕለት ከእናቴ ኋላ የሄዱት እርስዎ ነዎት።

የትኛውን መልስ እንደምፈልግ አላውቅም። ተሸፍኖ ነበር ካሉኝ ልጄ ትተርፋለች። እናቴ ግን ልጇን በራሷ ጀርባ ላይ አፍናታለች። ክፍት ነበር ካሉኝ እናቴ ነጻ ትወጣለች፤ ያ ነገር ግን ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደዚህች መጥቶ ሊሆን ይችላል። አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች። በጀርባዋ። አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

ለልጄ ብለው ወይም ለእናቴ ብለው አይመልሱልኝ። ያዩትን ይንገሩኝ።

አንቀልባው ካለበት አይንቀሳቀስ።

ያምሮት


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያምሮት

ሰላምታው ይቆየኝ።

ፊቷ ክፍት ነበር።

ደመናማ ቀን ነው። እናትሽ ነጠላውን ጣል ላድርግባት ወይ ስትለኝ፣ ፀሐይ የለም፣ ተዪያት አየር ታግኝ አልኳት፤ ተወችው። አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ጉንጯ በእናትሽ ትከሻ፣ አፍንጫዋ ወደ ውጭ። እኔ ከኋላ ስለሆንኩ ስሄድ የማየው እሷን ነው። መንገዱ ቶሎ እንዲያልቅልኝ አጫውታታለሁ። ምላሴን አወጣሁላት፤ ድዷን አሳየችኝ። «ኧረ ተይ፣ ታስቂያታለሽ፣ ስቅታ ይይዛታል» አለች እናትሽ ሳትዞር። ወንዙን ስንሻገር ድንጋዩን ለማየት አጎነበስኩ። ከተሻገርን በኋላ ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ተገልጧል። ከዚያ ወዲያ አትሥቅልኝም፤ ዝም ብላ ታያለች። መንገዱን የምታይ መስሎኝ እኔም ስለ ስንቁ ከእናትሽ ጋር ወሬ ጀመርኩ። ቡሬ እስክንደርስ እንደዚያው ነበረች።

ያየሁት ይኸው ነው። ያልሸፈናት ነገር ሸፍኗታል ብዬ አልጽፍልሽም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ተሸፍኖ ነበር ብዬ ጽፌ፣ ቀድጄዋለሁ። ላሳርፍሽ ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ሐኪሙ ሂጂ ብሎ ሲያሰናብትሽ ታየኝ።

ይህንኑ ለእናትሽ ያኔ ነግሬያታለሁ። ፊቷ ክፍት ነበር እህቴ፣ አይቻታለሁ አልኳት። አላመነችኝም። ልታጽናኚኝ ነው አለችኝ። ሰማንያዬ ሳይሞላ ያለ ቀኔ ወጥቼ፣ በጀርባዬ ገደልኳት እንዳለች ሞተች። እሷ እንድታምነኝ የለመንኳትን ያህል፣ አንቺ ባታምኚኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እመኚኝ።

ከጥምቀት ወዲህ እዚህ ስልክ ፈጽሞ የለም። ቡሬ ይገባል አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም፤ ዘመድ ሲሞትም በሰው ነው ለቅሶ የምደርሰው። ዙለይካ ዕቃ ልታመጣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ትሄዳለች። «ነይ፣ እኔ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ወደ ውስጥ፤ ወንዙ ሲደርስ ሻሼን ፊትሽ ላይ አደርግልሻለሁ» አለችኝ። አይሆንም፣ ፊቴን አትሸፍኚብኝ አልኳት። አብሬያት እሄዳለሁ።

ይህንንም ወረቀት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ። የትኛችን ቀድመን እንደምንደርስሽ አላውቅም፤ ወረቀቱ ወይ እኔ። ወረቀቱ ከቀደመ፣ ሳታነቢው አትደሪ፤ ጧት ሐኪሙ ዘንድ ሂጂና ክፍት ነበር በዪው። እኔ ከቀደምኩ፣ ስልኩ ሲጠራ ልጅቷ ተኝታም ቢሆን አንሺው።

እታለም